ለአምስት ቀን የምታስፈልግ ፊደል

ፈረንጅ አራዳ፣ ከማተሚያ ቤቱ ጓሮ፣
ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያወራ ውሎ አድሮ፣
ፊደል እሠራለሁ፤
ወፍራሙን አፋፋለሁ፣ ቀጭኑን አሳሳለሁ።
ለመጽሔት ገጽ ነው፣ ለትልቁ ርእስ፣
ባለተረከዝ ፊደል፣ በወግ የሚለብስ፤
ወፍራሙ እንደ ምሰሶ፣ ቀጭኑ እንደ ክር፣
በመሐላቸው ያለው የእጅ መታጠፊያ ምስጢር።

በትልቁ ሲጻፍ አላፊን ያቆማል፤
በትንሹ ሲታተም ቀጭኑ ይከስማል፣
ወረቀት ይጠጣዋል።
አለቃዬ አቶ ዘውገ ከመነጽሩ በላይ ያየኛል፦
«አወፍሪው አንቺ ልጅ፣ ይሄ ክር መች ይታያል?»

ከራሴ አላፈለቅሁትም።
መሐዲ አባ ቡልጉ ነው የቀደመኝ፤
አርባ ዓመት መሰላል ወጥቶ፣ አርባ ዓመት መሰላል ወርዶ
ሂርማታን በቆርቆሮ ላይ ያስነበበ፣
የብሩሹን ጫፍ በከንፈሩ እያሾለ
ከቀለሙ ግማሹን የበላ።

ስልኬን ይዤ ዞርኩ፣ ሐሙስ ገበያ ሲበተን፣
ከሰሌዳ ሰሌዳ፣ በጭቃ።
«ቡ»ን ከቡና መጋዘኑ በር፣ ዝገት ጎኗን ገምጧት፤
«ጠ»ን ከ«ጠቅላላ ሸቀጥ»፣ እንደ ጅማ በርጩማ
በሦስት እግሯ ተደላድላ
የተዘጋ ሱቅ አናት ላይ ደንበኛ ስትጠብቅ።
«ቀ»ን ከቀለም ሻጩ፣ ሆዷን ሽቦ አልፎባት።
«ዶ»ን ከአንድ ዶክተር፤
ሰውየው ከከተማ ከወጣ ቆይቷል፣
ፊደሏ ግን ዛሬም ተረኛ ትጠራለች።

«ጳ» ጠፋች።
መንደራን አሰስኩ፣ አዌቱን ተሻገርኩ፣
እስከ ቆጪ ድረስ አንገቴን ሰቅዬ ኼድኩ፤
አንድም ነጋዴ በ«ጳ» አልነገደም።

ቤቱ ገባሁ። በረንዳው ላይ ነበር፣
እጆቹን ከጉልበቱ መሐል ቀብሮ፣
እንዳያመልጡት የሚጠብቃቸው ይመስል።
«በ‹ጳ› የሚጀምር ሸቀጥ አለ እንዴ?» አለኝ።
«ጳጉሜ» አልኩት።
ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት።
«እሷን ማን ገዝቶ ማን ሸጣት!
አምስት ቀን ናት፤ ደመወዝ እንኳ አይታሰብባትም።»

ብሩሹን ከጨርቅ ፈታው።
ከንፈሩ ላይ አሾለው፣ እንደ ልማዱ።
ወፍራሙ መጣ፤ ሳያወላውል፣ ሙሉ፣
አርባውን ዓመት አንድ ላይ የተሸከመ።
ቀጭኑ ላይ ሲደርስ ግን
መስመሩ ተንቀጠቀጠ፣
ነፋስ የነካው የሸረሪት ድር መሰለ።

ዝም አልን። ዝናቡ ብቻ አወራ።
«ወፍራሙን ጉልበት ይሠራዋል» አለኝ ቆይቶ፤
«ቀጭኑን ትንፋሽ ነው። እሱ ሲሳል አይተነፈስም።
እኔ ደግሞ ትንፋሼን ካቆምኩት
መልሶ መነሣቱን እንጃ።
ውሰጂ፣ በማሽንሽ አቅኚው።»

ሌሊቱን ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ።
ሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን ፊደል፣
ሁሉም ቀጥ ያለ፣ ሁሉም የጠራ፣
እንደ ካህን ዘንግ፣ እንደ ሚናራ።
«ጳ»ን አቀናኋት።
አማረች። አላወቅኋትም።
መለስኳት።
ደግሞ አቀናኋት፣ ደግሞ መለስኳት፣
መብራት ጠፋ፤ በጨለማው ውስጥ
ሳላስበው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

መጽሔቱ በዓመቱ ጥግ ወጣ።
ሽፋኑ ላይ አንዲት ቃል፣ በክንድ የምትለካ፦
ጳጉሜ።
አቶ ዘውገ ወረቀቱን ወደ መስኮት አስጠጋ፣
ጣቱን በቀጭኑ ላይ አስኬደ፣
«ማተሚያው ተንቀጠቀጠ እንዴ?» አለ።

«ዝናብ ነው» አልኩት።
ውጭ እየዘነበ ስለነበር፣
አመነኝ።